አቶ እሸቴ እና ሰደርያ የለበሰችው የካውንቲ ሠራተኛ

አቶ እሸቴ ሕግ የሚፈሩ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ፣ ሰው ባለበትም ሆነ ሰው በሌለበት አንድ ዓይነት የሆኑ ሰው ናቸው። ቀይ መብራት ሲበራ በመንገዱ ላይ አንድም መኪና ባይኖር ይቆማሉ፤ በጾም ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ውኃ አይቀምሱም፤ የተዋሱትን ጃንጥላ ዝናቡ ሳያባራ ይመልሳሉ። በዕድሜያቸው ሁሉ ከመንግሥት የደበቁት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ሮማን ናቸው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረና በምን እንደ ተፈጸመ በቅርብ አይቻለሁ። አቶ እሸቴም ይጻፍ ብለው ፈቅደዋል። «ሌላው ይማርበት» አሉኝ። ወይዘሮ ሮማን ግን «ሌላው ይሳቅበት ነው የሚባለው» ብለው አርመዋቸዋል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይመስለኝም።

አቶ እሸቴ በአገር ቤት ሳሉ፣ በአዳማ ከተማ የአንድ ቀበሌ የቤቶች ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። በቀበሌ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የዚያ ክፍል አንዱ ትልቅ ሥራ ደባልን ፈልጎ ማግኘት ነበር። ቤቱ የተሰጠው ለተመዘገበው አባወራ ነውና፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ዘመድ በጓዳ ተኝቶ የተገኘ እንደ ሆነ ጣጣው ብዙ ነበር። አቶ እሸቴ በዚህ ሥራ ስማቸው የተጠራ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ማንንም አይገፉም። በትሕትና ገብተው፣ በትሕትና ተቀምጠው፣ የቀረበላቸውን ውኃ ጠጥተው፣ ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ነገር ብቻ ይመለከቱ ነበር፤ በደጃፉ የተደረደረውን ጫማ፣ በብርጭቆ የቆመውንም የጥርስ ብሩሽ። አባወራው የቱንም ያህል ቢምል ጫማው የሚለውን ያምኑ ነበር። ሆኖም ጨካኝ አልነበሩም። ፍተሻው ሳይደርስበት ሽማግሌ ይዞ፣ በራሱ እግር መጥቶ የተናገረውን ሰው መዝግበው ያሰናብቱት ነበር እንጂ ማንንም ከቤቱ አላስወጡም።

ወደ ሚኒሶታ ከመጡ በኋላ ኤደን ፕሬሪ በሚገኝ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ወገባቸው እስኪጎብጥ ሠሩ። ጡረታ ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዮሐና ጋር፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አዲስ ሕንጻ ውስጥ ቤት ደረሳቸው። ሕንጻው ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦችና ለቀድሞ ወታደሮች ተብሎ፣ ካውንቲ የሚሉት የአካባቢው መስተዳድር እገዛ አድርጎበት የተሠራ ነው። መስኮቱ ሰፊ፣ ማሞቂያው ደኅና፣ ኪራዩም ለጡረተኛ የሚቻል ነው። አቶ እሸቴ ቁልፉን በተቀበሉ ዕለት ለባለቤታቸው «የቀበሌ ቤት ነው፤ ግን ጣሪያው አያፈስም» አሏቸው።

እንግዲህ የስሕተቱ ሥር ከዚህ ላይ ነው።

በምርቃቱ ዕለት ከካውንቲው የመጡ ሴትዮ ንግግር አድርገው ነበር። ካውንቲው ይህን ሕንጻ በማሠራት እንደ ረዳ ተናገሩ፤ ከዚያም ከጦር አገልግሎት ለተመለሱ ሰዎች ልዩ ሥልጠና ያላቸው ውሾች እንዲሰጡ እንደሚረዳ ተናገሩ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፤ አቶ እሸቴም እያንዳንዱን ቃል በትክክል ሰሙ። የሳቱት ሰምተው ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ፣ ነገሩን በቀበሌ ልማድ ሲመዝኑት ነው። ቤቱን የሠራው ካውንቲው ነው፤ ውሾቹን የሚሰጠውም ካውንቲው ነው፤ እንግዲያው ውሾቹ የቤቱ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። በዚህ ዓይነት ከሁለት እውነት አንድ ሐሰት ወለዱ፤ እርሱንም እንደ ልጅ አሳደጉት።

ብዙም ሳይቆይ ቦሩ የሚባል ወጣት በእነርሱ ፎቅ ላይ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ገባ። ቦሩ ወላጆቹ ከወለጋ የመጡ፣ በቤት ኦሮምኛም አማርኛም እየሰማ እዚያው ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ ያደገ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ የተመለሰ ልጅ ነው። አካሉ ደኅና ነበር። ነገር ግን ሰው ከበስተኋላው ሲቆም ልቡ ይደነግጣል፤ በተጨናነቀ ስፍራ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዝምታም ያስጨንቀዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በእኅቱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ይኖር ነበር፤ በራሱ ቁልፍ የሚከፈት በር ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነው። አብራው የመጣችው ሜፕል የምትባል ቡናማ ውሻ ነበረች፤ ጆሮዋ የተንጠለጠለ፣ እርምጃዋ የተመጠነ፣ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰች፣ በሰደርያዋም ላይ ፎቶግራፏ ያለበት መታወቂያ ያንጠለጠለች።

ሰደርያውንና መታወቂያውን ባዩ ጊዜ አቶ እሸቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

በእርሳቸው ግምት ባለ ሥልጣኗ ውሻዋ ነበረች። ማሰሪያውን ይዞ በጎኗ የሚሄደውን ወጣት ደግሞ አጃቢዋ አድርገው ቆጠሩት። በመሆኑም በሊፍቱ በር በተገናኙ ቁጥር ለሜፕል ከወገባቸው ዝቅ ብለው «እንደምን አደሩ?» ይሏት ነበር፤ አጃቢ ከአለቃው ፊት ሰላምታ ሲሰጠው ይሸማቀቃል ብለው ቦሩን በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ ያልፉት ነበር። ይህን ያደረጉት ለእርሱ አስበው ነው።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዳራርቱ በአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩ፣ ድምፃቸው ከሁለት በር በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። ይህ ነገር ምንድን ነው ብለው ጠየቋቸው። አቶ እሸቴ በቀበሌ የሠሩ ሰው ናቸውና ቃላቸው ታመነ። በማግስቱ ወይዘሮ ዳራርቱ በረንዳቸው ላይ የተሰጣውን ምንጣፍ አነሡ፤ መዝሙሩንም በለሆሳስ አደረጉት። ወሬው ከበር ወደ በር ተዛመተ። የሕፃናት ጋሪ ከመተላለፊያው ተነሣ፤ ሊፍት ውስጥ ስለ ኪራይ ማማት ቀረ። ሜፕል ስትገባ ሰው ሁሉ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ዝም ይላል። የሕንጻው ማናጀር የሆነችው ወጣት ሴት በቤቱ ጸጥታ እጅግ ተደነቀች፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገራትም።

አሁን ወደ ወይዘሮ ሮማን ልመለስ።

ወይዘሮ ሮማን ባላቸው ካረፉ በኋላ ኩን ራፒድስ በልጃቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ሥራ አግኝታ ወደ ቴክሳስ ስትዛወር አብረዋት እንዲሄዱ ለመነቻቸው፤ እርሳቸው ግን አልሄድም አሉ። የንስሐ አባታቸው እዚህ ናቸው፤ የባላቸው መቃብር እዚህ ነው፤ ወንድማቸውም እዚህ ነው። ስለ ቴክሳስ ሙቀት ሲነገራቸው «ያንን ስፍራ በኃጢአቴ ካልሆነ በፈቃዴ አልሄድበትም» አሉ። ለጥቂት ቀን ብለው ከአቶ እሸቴ ቤት ገቡ። በረዶው ቀለጠ፣ ዛፉ አበበ፤ ጥቂቱ ቀን ግን አላለቀም።

አቶ እሸቴ ሊዝ የሚሉትን የኪራይ ውል እስከ መጨረሻው ገጽ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው አላውቅም። በዚያም እንግዳ ከተወሰኑ ቀናት በላይ ሲቆይ መመዝገብ እንዳለበት አነበቡ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰላም አጡ። ወይዘሮ ዮሐና ወርደህ ማናጀሯን ጠይቃት እያሉ ሊመክሯቸው ሞከሩ። አቶ እሸቴ ግን ሄዶ የጠየቀ ሰው ፋይሉ እንደሚከፈት፣ የተከፈተ ፋይልም እንደማይዘጋ ከሥራ ልምዳቸው አስረዷቸው። የፈሩት ለራሳቸው አልነበረም። እኅታቸው ሕግ ፊት ቀርበው ውጡ ቢባሉ ከቴክሳስ በቀር መግቢያ አልነበራቸውም፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሰው ከንስሐ አባቱ ተለይቶ እንደ ገና እንደማይተከል ያውቃሉ።

በዚህ ምክንያት ደባል ሲያድኑ የኖሩት ሰው ደባል መደበቅ ጀመሩ፤ የሚያውቁትንም ጥበብ ሁሉ ገልብጠው ተጠቀሙበት። የወይዘሮ ሮማንን የጥርስ ብሩሽ ከብርጭቆው አውጥተው በሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀበሩት። ጫማቸው በደጃፍ እንዳይታይ አዘዙ። ወይዘሮ ሮማን «ታዲያ ራሴ ላይ ልሸከመው?» ብለው በበሩ አጠገብ ባለችው የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት። ያቺ ቁም ሣጥን የማሞቂያው ቧንቧ በጎኗ የሚያልፍ፣ ደረቅና ሞቃት ነበረችና፣ ወይዘሮ ሮማን ማንንም ሳያማክሩ ከላይ ገመድ ዘርግተው ቋንጣ ሰቅለውባት ነበር።

አንድ ቀን ጧት ሜፕል ከቦሩ ጋር ስታልፍ በእነ አቶ እሸቴ በር ፊት ቆመች። አፍንጫዋን ከበሩ ሥር አስጠግታ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። አቶ እሸቴ በሩ ላይ ባለችው መስተዋት ቀዳዳ ሆነው ያዩ ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ጭራሽ አልተነፈሱም። በማግስቱም ቆመች። በሌላ ቀን ወይዘሮ ዮሐና አስቤዛ ይዘው ሲገቡ በሩን ከፍተውት ነበርና፣ ሜፕል አንገቷን አስግጋ ክፍቱን ወደ ቀረው ቁም ሣጥን ተመለከተች፤ በዚያ ከተደረደረው ጫማ ሁሉ መካከል የወይዘሮ ሮማንን ጥቁር ጫማ በአፍንጫዋ ነካችው። ቦሩ ይቅርታ ጠይቆ ሳባት።

አቶ እሸቴ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፈርተውም ነበር፤ ነገር ግን በፍርሃታቸው ውስጥ የባለ ሙያ አድናቆት ነበረበት። «እኔ ጫማ ቆጥሬ፣ ብሩሽ አይቼ፣ ነበር የምደርስበት» አሉ። «እኒህ በአንድ ትንፋሽ ለዩት። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አዳማ ቢኖረን ኖሮ።»

ከዚያ በኋላ አቶ እሸቴ በመስተዋቷ ቀዳዳ ሜፕልን ሲያዩ ያስላሉ፤ ወይዘሮ ሮማንም መቁጠሪያቸውን ይዘው መታጠቢያ ቤት ይገባሉ። ወይዘሮ ሮማን ለዚህ ነገር የተፈጠሩ ሴት አይደሉም። «ከደርግ ያልተደበቅሁ ሴት፣ በስተርጅና ከውሻ ልደበቅ?» እያሉ ይገባሉ፤ ጸሎታቸውን ጨርሰው ይወጣሉ። በዚያ ወራት የደረሰው ጸሎት ብዙ እንደ ነበረ፣ የደረሰበት ስፍራ ግን እንደሚያሳፍራቸው ነግረውኛል።

የዚህ ሁሉ ሸክም በማን ላይ እንደ ወደቀ ያስተዋለ አልነበረም። ቦሩ ሊፍት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። በመተላለፊያው ሲያልፍ ሰው ወደ ግድግዳ ይጠጋል። አንድ ሽማግሌ እንደ ለቅሶ ቤት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ፤ ለውሻዋ ይሰግዳሉ፤ እርሱን ግን አፍ አውጥተው እንደምን ነህ አይሉትም። ልጁ ሰው ፈራኝ ብሎ ደመደመ።

በበጋው መካከል ማናጀሯ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ሰኞ ዕለት በየቤቱ ገብታ ዓመታዊ ምርመራ እንደምታደርግ የሚገልጽ ነበር። አቶ እሸቴ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብበው ወደ ቤታቸው ወጡ። ቅዳሜ ጧት ደግሞ ሜፕል በበራቸው ፊት ቆማ ብቻ አልቀረችም፤ ተኛች። ቦሩ ጠራት፣ አልተነሣችም። ማሰሪያዋን ሳብ አደረገ፣ አገጯን መሬት ላይ አኑራ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ትመለከት ነበር። ለረጅም ጊዜ እንዲህ ከሆነች በኋላ በግድ ተነሣች።

አቶ እሸቴ ከበሩ ጀርባ ቆመው «ተፈረደብን» አሉ።

ወይዘሮ ሮማን ከመታጠቢያ ቤት ወጥተው ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ጎተቱ። በዚህ ጊዜ አልቀለዱም። «ቴክሳስ እሄዳለሁ» አሉ። «አንተን ከቤትህ አላስወጣህም፣ እሼ። ልጄም ልጄ ናት።» ነጠላቸውን አጣጥፈው በሻንጣው ውስጥ አኖሩ። ወይዘሮ ዮሐና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አቶ እሸቴ ግን አለቀሱ፤ ካለቀሱ በኋላም አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በአዳማ፣ ከፍተሻ በፊት ሽማግሌ ይዞ በራሱ እግር የመጣ ሰው ይማር ነበር። እርሳቸው ራሳቸው ስንቱን ምረዋል። የዛሬው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ፍተሻው ሰኞ ነው።

ስለዚህ ስልክ ደወሉ። አንዱ ሽማግሌ እኔ ነበርሁ። ሁለተኛው ለብዙ ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ሰው የሚያስታርቁት አቶ ኤጀታ ነበሩ። ከእኛ ማንኛችንም የካውንቲን አሠራር ከአቶ እሸቴ አብልጠን አናውቅምና፣ የነገሩንን አምነን ነጠላችንን አጣፍተን ተከተልናቸው። አቶ እሸቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር።

ቦሩ በሩን ከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ተሰልፈው ባየ ጊዜ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አፈገፈገ፤ ነገር ግን በሥርዓት ያደገ ልጅ ነውና ግቡ አለን። ቤቱ ውስጥ የታሸጉ ካርቶኖች ተደርድረው ነበር። ሜፕል በምንጣፉ ላይ ያለ ሰደርያ ተጋድማለች።

አቶ እሸቴ ከደፉ አልፈው አልገቡም። ወደ አቶ ኤጀታ ጠጋ ብለው ከሥራ ሰዓት ውጭ እንደ መጣን፣ ባለ ሥልጣኗ የሥራ ልብሳቸውን ሳይለብሱ ጉዳይ ማቅረብ ነውር እንደ ሆነ በሹክሹክታ አስረዷቸው። አቶ ኤጀታ ነገሩን አሰቡና ለቦሩ በኦሮምኛ ነገሩት፤ እኒህ አባት የሚናገሩት ነገር አላቸው፣ መጀመሪያ ግን ውሻዋ ሰደርያዋን ትልበስ። ቦሩ ሁላችንንም በየተራ ተመለከተ። ከዚያ ሄዶ ሰደርያውን አመጣና አለበሳት። ሜፕል ወዲያው ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ለእኛ ችሎት የተሰየመ መሰለን።

አቶ ኤጀታ ለሰላም እንደ መጣን ተናገሩ። እኔም እግዚአብሔር የይቅርታ አምላክ መሆኑን በአጭሩ አስታወስሁ። ከዚያም አቶ እሸቴ በሜፕል ፊት ቆሙ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እኅቴን ሳላስመዘግብ በቤቴ አስቀምጫለሁ። ጫማዋን ለይተው እንዳወቁም አውቃለሁ። ከሰኞ በፊት በራሴ እግር መጥቻለሁ፤ ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን። እርሷን ግን ከቤተ ክርስቲያኗ አይለዩብኝ።»

ይህን ሲጨርሱ ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሜፕል ተነሣች። በዝግታ ቀርባ መላ ሰውነቷን በአቶ እሸቴ እግር ላይ ጣለች፤ ተደግፋቸውም ቆመች።

አቶ እሸቴ ወደ እኛ ሳይዞሩ «ተያዝሁ» አሉ።

ቦሩ ከአቶ እሸቴ ወደ ሜፕል፣ ከሜፕል ወደ አቶ እሸቴ ተመለከተ። ከዚያ በቀስታ «አባባ፣ ለማን ነው የሚነግሩት?» አለ።

«ለእርሳቸው።»

«ለሜፕል?»

አቶ እሸቴ በራሳቸው ንቅናቄ አዎን አሉ። ቦሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻውም ይርገፈገፍ ጀመር። ሕመሙ የተነሣበት መስሎን ደነገጥን። ሕመም አልነበረም። ልጁ ቆሞ መሳቅ አቅቶት ከካርቶኑ በአንዱ ላይ ተቀመጠ፤ ሲስቅም እንባው ይወርድ ነበር።

«ሜፕል የካውንቲ ሠራተኛ አይደለችም» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «የእኔ ናት። ካውንቲው ሄልፕ አድርጎኝ ነው ያገኘኋት። ሥራዋ እኔን መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ስንቀጠቀጥ እንዲህ ትደገፈኛለች። አሁን እርስዎ ተንቀጠቀጡ፣ ለእርስዎም አደረገች።»

አቶ እሸቴ እግራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይህን መረመሩ። የቀበሌ ሰው ግን በቀላሉ አይረታም። «ጫማውስ?» አሉ።

«የጫማውን አላውቅም። እናንተ በር ጋ ቋንጣ ይሸታል። ትሬይነሮቿ ስለ ሃምበርገር አስተምረዋታል፣ ስለ ዶሮ አስተምረዋታል። ስለ ቋንጣ ማንም አልነገራትም።» ከዚያም ወደ መሬት እያየ ጨመረ፤ «እውነቱን ለመናገር እኔም እዚያ ጋ ስደርስ ቀስ እላለሁ። የእናቴ ቤት ይሸተኛል።»

በዚህ ጊዜ አቶ ኤጀታ የታሸጉት ካርቶኖች የምን እንደ ሆኑ ጠየቁት። ቦሩ ሳቁን ተወ። «ሙቭ ላደርግ ነው» አለ። «ወደ እኅቴ ቤዝመንት። እዚህ ሰው ሁሉ ይፈራኛል፤ ስገባ ዝም ይላል። ሰኞ ለማናጀሯ ቁልፏን ልመልስ ነበር።»

ያ ቃል በአቶ እሸቴ ላይ እንዴት እንደ ወደቀ አይቻለሁ። ከሜፕል እግራቸውን አላቅቀው በልጁ ፊት ሄደው ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርሱን ራሱን ሰላም አሉት፤ እንደ አገሩ ወግ ትከሻውን ይዘው ደጋግመው ሳሙት፤ እናቱን አባቱን ጠየቁት። ከዚያም «አዳማ ሙሉ ደባል ስፈልግ አንድ ሰው ከቤቱ አስወጥቼ አላውቅም» አሉ። «እዚህ ግን ምንም ሳልፈልግ አንተን ላስወጣህ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሮማን ነበሩ፤ በቤት እንዲቆዩ የተነገራቸውን ትእዛዝ አፍርሰው፣ ክዳን ያለው ሳህን ይዘው፣ ያንኑ ጥቁር ጫማ ተጫምተው መጡ። ሜፕል ጅራቷን አወዛወዘች።

«ደባሏ እኔ ነኝ» አሉ ወደ ቦሩ። «የመጣው ይምጣ ብዬ በእግሬ መጣሁ። መታጠቢያ ቤት ሰልችቶኛል።»

ነገሩ ሁሉ ተነገራቸው። ወይዘሮ ሮማን ሰምተው ሲጨርሱ ወንድማቸውን አንድ ጊዜ አዩአቸው፤ ያ አስተያየት ለአቶ እሸቴ ከዓመታዊው ምርመራ ይልቅ ከባድ ነበር። ከዚያም ካርቶኖቹን ተመለከቱ። «እኔ ሻንጣዬን ልፈታ ነው» አሉት ቦሩን። «አንተም ፍታ። ተነሥ፣ እኛ እናግዝሃለን፤ ሦስት ሽማግሌ ሥራ ፈቶ ቆሟል።» ከሳህኑ አንድ ቁራጭ ቋንጣ አንሥተው ለሜፕል ሊሰጧት ሲሉ፣ ቦሩ ሰደርያ ለብሳ ሳለች እንደማይሰጣት ነገራቸው። ወይዘሮ ሮማን እጃቸውን መለሱ። «ገባኝ» አሉ። «ሥራ ላይ ጉቦ አይበላም። ከወንድሜ ቀበሌ ይሻላል።»

አቶ እሸቴ ጉቦ በልተው እንደማያውቁ ሊያስረዱ ጀመሩ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም፤ ሁላችንም ካርቶን እየፈታን ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቦሩ በእነ አቶ እሸቴ ቤት ለምሳ ተጠራ። ወይዘሮ ዮሐና ሩዝ ሊቀቅሉ ከጆንያው ሲጨልፉ፣ የወይዘሮ ሮማን የጥርስ ብሩሽ ከሩዙ ጋር ድስቱ ውስጥ ወደቀ። አቶ እሸቴ የት እንደ ቀበሩት ረስተውት ነበር። ወይዘሮ ሮማን ብሩሹን አንሥተው ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉትና ያ ሁሉ ወራት በጣታቸው ጥርሳቸውን ሲያሹ መኖራቸውን ለእንግዳው ገለጡ። በጎረቤት ያሉት ወይዘሮ ዳራርቱ የሳቁን ድምፅ ሰምተው ገቡ። ነገሩን ሲረዱም በዚያው ቆመው፣ ሳይፈቀድላቸው፣ በሙሉ ድምፃቸው አንድ መዝሙር ዘመሩ። ቦሩ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጸጥታው እንደ ለቀቀው ይናገራል።

ሰኞ ዕለት ማናጀሯ ስትመጣ ቦሩ ለማስተርጐም ቆሞ ነበር። አቶ እሸቴ እንደ ተከሳሽ ተነሥተው ስለ እኅታቸው ሁሉንም ተናገሩ። ማናጀሯ ወይዘሮ ሮማንን አይታ ፈገግ አለች፤ በስማቸውም ጠራቻቸው። ለካ ምድር ቤት ባለው ላውንድሪ በየሳምንቱ ይገናኙ ኖሯል። ሌሎች ሰዎች ማሽን ውስጥ ትተውት የሚሄዱትን ፎጣ አጥፈው የሚያስቀምጡ እርሳቸው ናቸውና፣ ስማቸው በውሉ ውስጥ ያለ መስሏት ነበር። ከሌለ ማመልከቻ ይገባል፣ ገቢያቸው ይታያል፣ ስማቸው ይጨመራል አለች። ከዚያም የጢስ ማስጠንቀቂያውን ነክታ፣ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ ዘግታ ወጣች። የጫማውን መደርደሪያ ቀና ብላ አላየችውም። አቶ እሸቴ በዚህ ጥቂት ቅር እንዳላቸው አልሸሸጉኝም።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የወይዘሮ ሮማን ስም በውሉ ገባ። ጥቁር ጫማቸው አሁን በደጃፉ፣ በፊተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ቋንጣው ግን ሜፕል ሥራዋን እንዳትስት ተብሎ ወደ ኋለኛው ክፍል ተዛውሯል፤ ቦሩም የሚሸተውን ፍለጋ እስከዚያ ድረስ ይገባል። አቶ እሸቴ በሕንጻው መግቢያ ላይ ቆመው አዲስ ለሚገባ ሰው ሁሉ ሰደርያ የለበሰች ውሻ መነካት እንደሌለባት፣ ባለቤቷ ግን ሰላም ሊባል እንደሚገባ ያስተምራሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልተዉም። ሜፕል ሰደርያዋን አውልቃ በግቢው ሣር ላይ ስትሮጥ ሲያዩ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ቀበጥ» ይሏታል። ሰደርያዋን ለብሳ በሊፍቱ በር ሲያገኟት ግን ዛሬም ኮፍያቸውን አውልቀው «እንደምን አደሩ?» ይላሉ። ቦሩ ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ቢጠይቃቸው፣ የመንግሥት ባትሆንም ከእርሳቸው የተሻለች ሠራተኛ መሆኗን በዓይናቸው እንዳዩ መለሱለት።

የሁላችን አባት እግዚአብሔር ለአቶ እሸቴና ለወይዘሮ ዮሐና ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። ወይዘሮ ሮማንን በተመዘገቡበት ቤት በሰላም ያኑርልን፤ የቦሩንም እንቅልፍ ይባርክ። ቤታቸው በሰው ድምፅ የተሞላ፣ ደጃፋቸውም የእንግዳ ጫማ የሚበዛበት፣ ቆጣሪም የማያስፈልግበት ይሁን። አሜን።